ኮምፒውተሬ አይጠፋም፣ ሃንግ አያደርግም፤ መልሱ ግን ይሳሳታል

አያት_አራተኛ_ፎቅ
ጥቅምት 12፣ ምሽት

ሰላም ጤና ይስጥልኝ የዚህ ቤት ሰዎች። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

በራሴ እጅ የገጣጠምኩት ኮምፒውተር አለኝ። ዕቃውን ለማሟላት 14 ወር ፈጅቶብኛል። ፕሮሰሰሩን የአክስቴ ልጅ ከዱባይ ስትመጣ በሻንጣዋ ይዛልኝ መጣች። ራይዘን 5 5600ኤክስ ነው፤ 6 ኮር፣ 12 ትሬድ። ማዘርቦርዱ ቢ550 ነው። ኬዙንና ፓወር ሰፕላዩን መርካቶ ገዛሁ። ራሙን በሁለት ዙር ነው የገዛሁት። መጀመሪያ ሁለት ባለ 8 ጊጋ፣ ከስድስት ወር በኋላ ደግሞ ከሌላ ሱቅ ሌላ ሁለት ባለ 8። አራቱም ላይ 3600 የሚል የፍጥነት ቁጥር ተጽፏል። ማቀዝቀዣው በውሃ ሳይሆን በአየር ነው፤ ባለ አንድ ፋን።

ቀን ቀን የሒሳብ መዝገብ ሥራዬን እሠራበታለሁ። ማታ ቤተሰቡ ሲተኛ ኮምፒውተሩን ለአንስታይን አት ሆም እለቀዋለሁ። ለማያውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ከሬዲዮ ቴሌስኮፖች፣ ከፌርሚ ሳተላይትና ከላይጎ የስበት ሞገድ መመርመሪያዎች የመጣ መረጃ ተቆራርጦ በየቤቱ ላሉ ኮምፒውተሮች ይከፋፈላል። እያንዳንዱ ኮምፒውተር ድርሻውን አስልቶ በኢንተርኔት ይመልሳል። ከሚፈለጉት ነገሮች አንዱ ፐልሳር ነው። ፐልሳር ማለት የከሰመ የትልቅ ኮከብ እምብርት ሆኖ በኃይል የሚሽከረከር አካል ነው።

ለምን ይህን መረጥክ ብትሉኝ፣ አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ የፊዚክስ መምህራችን እንጦጦ ይዞን ወጣ። እዚያ ያሉትን ሁለት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች አየሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰማይ ከልቤ አልወጣም። አስትሮኖሚ አልተማርኩም፤ ኑሮ ወደ ሒሳብ ሥራ ወሰደኝ። በኋላ አንድ ነገር አነበብኩ። እ.ኤ.አ. በ2010 ፒኤስአር ጄ2007+2722 የተባለ ፐልሳር በዚሁ በአንስታይን አት ሆም ተገኘ። መረጃው ፖርቶ ሪኮ ከነበረው ከአሬሲቦ ቴሌስኮፕ የመጣ ነው። ምልክቱን ያወጡት አሜሪካ አዮዋ ውስጥ ያሉ የባልና ሚስት ኮምፒውተርና ጀርመን ማይንዝ ያለ የአንድ ሰው ኮምፒውተር ናቸው። በሴኮንድ 41 ጊዜ ገደማ የሚሽከረከር ኮከብ፣ ተራ ሰው ሳሎን ውስጥ! እኔም በዚያው ሳምንት ተመዘገብኩ።

አሁን ወደ ችግሬ። ብዙ ሥራ ልስጥ ብዬ ፕሮሰሰሩን ኦቨርክሎክ አደረግሁት፤ ማለትም ከፋብሪካው ፍጥነት በላይ አስሮጥኩት። ሁሉም ኮር 4.6 ጊጋኸርዝ፣ በ1.3 ቮልት። ራሙንም ኤክስኤምፒ የሚባለውን (ራሙ ላይ የተጻፈውን ፍጥነት የሚያበራውን) ሴቲንግ አብርቼ 3600 ላይ አስሮጥኩት። ሥራ ላይ ሙቀቱ 84 ዲግሪ ይደርሳል። ሲኒቤንች የሚባለውን መለኪያ ፕሮግራም ለግማሽ ሰዓት አስኬድኩ፣ ምንም አላለም። የእግር ኳስ ጌም ለሦስትና ለአራት ሰዓት እንጫወታለን፣ ምንም አይልም። አንድም ቀን ጠፍቶብኝ አያውቅም።

ግን ባለፉት 14 ሌሊቶች ከላክኋቸው 212 ሥራዎች 17ቱ ኢንቫሊድ (መልሳቸው ልክ ያልሆነ) ተባሉ። 5 ደግሞ መሃል መንገድ ላይ በስሌት ስህተት ተቋረጡ። ይህ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። ኮምፒውተሩ ካልጠፋ ስህተቱ ከየት ይመጣል? ቮልቴጁን ወደ 1.35 ልጨምር? ወይስ ጨርሶ ኦቨርክሎኩን ልተወው? እባካችሁ የምታውቁትን ንገሩኝ።

ፒያሳ_ጥገና
ጥቅምት 12፣ ሌሊት

ወንድሜ፣ ከሁሉ በፊት ቮልቴጁን አትጨምር። ምክንያቱን ሳታውቅ ቮልት መጨመር ሕመሙ ሳይታወቅ መድኃኒት መዋጥ ነው።

እኔ ኮምፒውተር ስጠግን 12 ዓመቴ ነው። ሰው «አይጠፋም» ካለኝ መጀመሪያ ራሙን ነው የማየው። አንተ የጻፍከው ውስጥ ዓይኔን የያዘው 4.6ቱ አይደለም። «ከሌላ ሱቅ ሌላ ሁለት» ያልከው ነው።

3600 ተብሎ የተጻፈው ቁጥር ሁለቱ አብረው በአንድ ፓኬት ተፈትነው የተሰጠ ነው። ከሌላ ፓኬት ሁለት ጨምረህ አራቱን ስትሰካ ያ ፈተና አይቆጠርም። የአንተ ፕሮሰሰር ደግሞ በፋብሪካው ደረጃ የሚታወቅለት የራም ፍጥነት 3200 ነው። አራቱም ቀዳዳ ሲሞላ ከዚያም ይወርዳል። ስለዚህ ኤክስኤምፒ ስታበራ ራሱ ኦቨርክሎክ አድርገሃል። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም። ባዮስ (የማዘርቦርዱ ሴቲንግ) ውስጥ አንድ ቁልፍ ብቻ ስለሆነ የተፈቀደ ይመስላቸዋል።

አምና አንድ የአርክቴክቸር ተማሪ መጣ። ፋይሎቹ ዚፕ ሲደረጉ ይበላሻሉ፣ ሲፈቱ እንቢ ይላሉ። ሃርድ ዲስኩን ሁለቴ አስቀይሯል። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ አያውቅም። አንድ ራም ነበር የሚሳሳተው። የተሳሳተው ነገር ተመዝግቦ እስኪቀመጥ ድረስ ማንም አላወቀም። የመመረቂያ ሥራው ግማሹ ሄደበት። ልጁ ሱቄ ውስጥ ሲያለቅስ አይቻለሁ።

እንዲህ አድርግ። ባዮስ ገብተህ ሁሉንም ወደ ፋብሪካው መልስ። ሁሉንም ነው የምልህ፣ ኤክስኤምፒውንም ጨምሮ። ራሙ 2133 ወይም 2400 ላይ ይወርዳል፣ አትደንግጥ። ሦስት ሌሊት እንዲሁ ይሥራ። ስህተቱ ከጠፋ ጥፋቱ ከሴቲንጉ ነው። ካልጠፋ ዕቃው ራሱ ታሟል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ሌላ ወሬ እናወራለን። ከዚያ ራም የሚፈትነውን ሜምቴስት 86ን በፍላሽ ጭነህ ሌሊቱን ሙሉ አስኬደው። አራት ዙር ይጨርስ። አንድ ስህተት እንኳ ካየህ «አንድ ብቻ ነው» እንዳትል። ራም ላይ የሚፈቀደው ስህተት ዜሮ ነው።

ሌላው የአገራችን ጉዳይ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት። አየሩ ከባሕር ዳርቻ ከተሞች በአንድ አራተኛ ገደማ የሳሳ ነው። ፋንህ ያንኑ ያህል ቢሽከረከርም የሚያሳልፈው አየር ቀላል ስለሆነ የሚሸከመው ሙቀት ያንሳል። ዩቲዩብ ላይ «በዚህ ማቀዝቀዣ 72 ዲግሪ» የሚሉህ ሰዎች የሚለኩት እነሱ አገር ነው። የአንተ 84 ከዚያ የመጣ ሊሆን ይችላል። ደግነቱ ሌሊታችን ይበርዳል። አቧራውን ግን ጥረግ። የአያት ሰፈርን አቧራ አውቀዋለሁ።

ሜሪላንድ_ከ99_ጀምሮ
ጥቅምት 13፣ ንጋት

ልጄ፣ ጽሑፍህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እኔ በዚህ ሥራ ውስጥ የገባሁት እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። በርክሊ ያለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ ከሌላ ዓለም የሚመጣ ምልክት የሚፈልገውን ሴቲ አት ሆምን በግንቦት የከፈተ ጊዜ። ያን ጊዜ እኔም እንደ አንተ ወጣት ነበርኩ። ሴሌሮን 300ኤ የሚባል ርካሽ ፕሮሰሰር ነበረኝ። የማዘርቦርዱን ባስ ከ66 ወደ 100 ሜጋኸርዝ ስትቀይረው 300 የነበረው 450 ይሆን ነበር። 4.5 ጊዜ 100። በነፃ ተጨማሪ ግማሽ ፍጥነት ስታገኝ የሚሰማህን ደስታ አውቀዋለሁ። ስለዚህ ተው አልልህም።

ጥያቄህ ግን ትልቅ ጥያቄ ነው። «ካልጠፋ ስህተቱ ከየት ይመጣል?» አልክ።

ኮምፒውተር የሚጠፋው ስህተቱ ለመቆም የሚያስገድድ ቦታ ላይ ሲወድቅ ብቻ ነው። የዊንዶውስ ዋና አካል ላይ ከወደቀ ሰማያዊ ስክሪን ታያለህ። የቁጥር ዝርዝር መሃል ላይ ከወደቀ ግን ማንም አያይም። ሰባት የነበረው ስምንት ይሆንና ስሌቱ ይቀጥላል። ጌም ላይ ቢሆን አንዲት ነጥብ ቀለሟ ይሳሳታል፣ በሴኮንድ አንድ ስድሳኛ ውስጥ በሌላ ምስል ትተካለች። አለቀ። የአንተ ሥራ ላይ ግን ያቺ የተሳሳተች ቁጥር በሚቀጥለው ስሌት ትገባለች፣ ያኛው ደግሞ በሚቀጥለው። ከሰዓታት በኋላ መልሱ ሌላ ነው።

አንስታይን አት ሆም ይህን ስለሚያውቅ አንዱን ሥራ ለሁለት ሰዎች ይልካል። አንተ ራስህ የጻፍከው የአዮዋና የማይንዝ ታሪክ ይኸው ነው። ሁለቱ መልሶች ከተስማሙ ይጸድቃል። ካልተስማሙ ሦስተኛ ሰው ይጠራል። የአንተ 17 ኢንቫሊዶች ማለት 17 ጊዜ ሦስተኛ ሰው ተጠርቷል ማለት ነው። ያ ሰው ኤሌክትሪክ ከፍሎ አንተ ልትሠራው የነበረውን ሠርቷል። ልወቅስህ ብዬ አይደለም። ቁጥሩን በዚህ መልክ እንድታየው ብዬ ነው።

አሁን ስለ ፍተሻ። ሲኒቤንች ፍጥነት መለኪያ ነው። ስዕሉን ይስላል እንጂ ስዕሉ ልክ መሆን አለመሆኑን አይነግርህም። መልሱን አስቀድሞ የሚያውቅ ፈታኝ ነው የሚያስፈልግህ። ያ ፕራይም 95 ነው። ጂምፕስ የሚባለውና እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ግዙፍ ብቸኛ ቁጥሮችን (ከ1 እና ከራሳቸው በቀር ለሌላ የማይካፈሉ) የሚፈልገው ፕሮጀክት ፕሮግራም ነው። ለሥራቸው አንዲት ስህተት ሁሉንም ስለምታፈርስ መፈተኛ አበጁለት። ኮምፒውተርህ መልሱ የታወቀ ስሌት ይሠራል፣ ይነጻጸራል። በመሃል የሚወጡት ቁጥሮች ሙሉ ቁጥር አጠገብ መሆን አለባቸው። ከዚያ ከራቁ «ራውንዲንግ 0.5 ሆነ፣ ከ0.4 በታች መሆን ነበረበት» ይልሃል። ይህን መልእክት ካየህ ኮምፒውተሩ ባይጠፋም ታሟል። እ.ኤ.አ. በ2024 ጥቅምት ውስጥ 41,024,320 አኃዝ ያለው ብቸኛ ቁጥር ሲያገኙ እንኳ በሌላ ዓይነት ማሽንና በሌላ ፕሮግራም ደግመው ሳያረጋግጡ አልተናገሩም።

ስለ ቮልቴጅ አንድ ሒሳብ ልስጥህ፣ የሒሳብ ሰው ስለሆንክ። ፕሮሰሰር የሚበላው ኃይል ከፍጥነቱ ጋር በዚያው ልክ ያድጋል። ከቮልቴጁ ጋር ግን በካሬው ነው የሚያድገው። ፋብሪካው እንደተወው ሁሉም ኮር ሲሠራ 4.2 ጊጋኸርዝ በ1.15 ቮልት አካባቢ ነው እንበል። አንተ 4.6 በ1.3 አደረግኸው። ፍጥነቱ ከ10 በመቶ ያነሰ ጨመረ። 1.3ን ለ1.15 አካፍለህ በራሱ አባዛው፣ ከዚያ በፍጥነቱ ጭማሪ አባዛው። 1.4 ገደማ ይመጣል። 10 በመቶ የማይሞላ ሥራ ለማግኘት 40 በመቶ ተጨማሪ ሙቀት። 1.35 ብታደርገው ይብሳል። ሙቀት ሲጨምር ደግሞ የተረጋጋው ፍጥነት ይወርዳል፣ ስለዚህ ሌላ ቮልት ትፈልጋለህ። መውጫ የሌለው አዙሪት ነው።

ስለዚህ በዚያ አቅጣጫ አትግፋ። ባዮሱ ውስጥ ፒቢኦ በሚባለው ሥር ከርቭ ኦፕቲማይዘር የሚባል ሴቲንግ አለ። እሱ ቮልቴጁን ይቀንሳል። የኃይል ጣሪያው እንዳለ ሆኖ ፕሮሰሰሩ በተረፈው ኃይል ራሱ ፍጥነት ይጨምራል። በአንድ ቁጥር ከ3 እስከ 5 ሚሊቮልት ነው የሚወርደው። ግን እያንዳንዱ ኮር የራሱ ጠባይ አለው። የፒያሳው ወንድማችን እንዳለው መጀመሪያ ራሙን ጨርስ። ሁለቱን አንድ ላይ አትንካ።

አያት_አራተኛ_ፎቅ
ጥቅምት 13፣ ጠዋት

ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ የሦስተኛውን ሰው ነገር እንዲህ አስቤው አላውቅም ነበር። ኢንቫሊድ ሲባል የእኔ ነጥብ የቀረ ብቻ ነበር የሚመስለኝ።

አንድ ጥያቄ። በፋብሪካው ሴቲንግ ሦስት ሌሊት ሠርቶ መልሱ ትክክል መሆኑን መቼ ነው የማውቀው? ሥራው ተልኮም «በመጠባበቅ ላይ» የሚለው ብዙ ነው።

ሜሪላንድ_ከ99_ጀምሮ
ጥቅምት 13፣ ከሰዓት

አጋርህ፣ ማለትም ያው ሥራ የተላከለት ሌላው ሰው፣ መልሱን እስኪልክ ነው። እሱ ደግሞ ኮምፒውተሩን በሳምንት ሁለቴ ብቻ የሚከፍት ሰው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የእያንዳንዱን ለውጥ ቀንና ሰዓት ወረቀት ላይ ጻፍ። በኋላ ውጤቱ ሲመጣ የትኛው ሥራ በየትኛው ሴቲንግ እንደተሠራ ታውቃለህ። እኔ እስከ ዛሬ ደብተር አለኝ።

ሕሊና_ሙኒክ
ጥቅምት 14

ሰላም። እኔ ከሌላው ወገን ነኝ። የፕሮቲን እንቅስቃሴ በኮምፒውተር ማስላት የትምህርቴ አካል ነው። አንድ ነገር ልጨምር።

ሁሉም ፕሮጀክት እንደ አንስታይን አት ሆም ለሁለት ሰው አይልክም። ፎልዲንግ አት ሆምን ውሰዱ። እዚያ አንድ የፕሮቲን እንቅስቃሴ እንደ ሰንሰለት ነው። አንተ አንዱን ቀለበት ትሠራለህ። አንተ ያቆምክበት ቦታ ለሚቀጥለው ሰው መነሻ ይሆናል። የአንተ ቀለበት እስኪመለስ ድረስ የሚቀጥለው አይሠራም። ፕሮግራሙ በመሃል ራሱን ይፈትሻል። አቶሞቹ ሊሆኑ የማይችሉበት ቦታ ከተገኙ «የተበላሸ ሁኔታ» ብሎ ወደ መጨረሻው ጤነኛ ነጥብ ይመለሳል። ይህ ከተደጋገመ ሥራውን ይጥለዋል። ትልቁን ስህተት በዚህ መንገድ ይይዘዋል። አቶሟን በጥቂቱ ብቻ ያንቀሳቀሰ ስህተት ግን ሊያልፍ ይችላል።

ስለዚህ በግራፊክስ ካርድ የምትሠሩ እባካችሁ የካርዱን ሜሞሪ አትግፉ። ጌም ላይ ያለፈ ኦቨርክሎክ እዚህ አያልፍም። እኔ አርቲኤክስ 3060 አለኝ። የፋብሪካው ጣሪያ 170 ዋት ነው። እኔ ወደ 130 አውርጄዋለሁ። ክረምት ላይ ክፍሌን ያሞቅልኛል፣ ድምፁም አያስቸግረኝም።

አያት_አራተኛ_ፎቅ፣ የእንጦጦው ታሪክህ ልቤን ነክቶታል። እኔን ያስጀመረኝ የባዮሎጂ መምህሬ ነው።

አያት_አራተኛ_ፎቅ
ጥቅምት 27

ሰላም፣ ተመልሻለሁ። ደብተር ገዝቼ ሁሉንም ጽፌያለሁ። ለሚቀጥለው ሰው እንዲጠቅም በዝርዝር ላስቀምጠው።

ከ13 እስከ 15 ሌሊት ሁሉም በፋብሪካው ሴቲንግ ሠራ። 39 ሥራዎች። ቀስ እያሉ ጸደቁ፣ ትናንት የመጨረሻው ጸደቀ። አንድም ኢንቫሊድ የለም። ስለዚህ ዕቃው ጤነኛ ነው። ያን ዕለት የተሰማኝን እፎይታ አልነግራችሁም። የ14 ወር ድካሜ ነውና።

ቀጥሎ ራሙ። ፕሮሰሰሩን ሳልነካ ኤክስኤምፒ ብቻ አበራሁ። ሜምቴስት 86ን ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ጀመርኩ። የመጀመሪያው ዙር ንጹሕ ነበር። ተኛሁ። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ውሃ ልጠጣ ብነሣ ስክሪኑ ላይ ቀይ አለ። ሁለተኛው ዙር ላይ 4 ስህተት። በአንድ ዙር ብቻ ብተወው ኖሮ «ራሙ ደህና ነው» ብዬ እምል ነበር።

ከዚያ የፒያሳው ወንድሜ ያለውን ልፈትሽ ብዬ ሁለት ሁለቱን ለየኋቸው። የመጀመሪያው ጥንድ ብቻውን 3600 ላይ አራት ዙር አለፈ። ሁለተኛውም ብቻውን አለፈ። አራቱ አብረው ሲሆኑ ይሳሳታሉ። ማናቸውም አልታመሙም፤ አብረው መሮጥ ነው ያቃታቸው። አራቱንም 3200 ላይ አድርጌ ሌሊቱን ሙሉ አስኬድኩ። ዜሮ ስህተት። እዚያው ተውኩት።

ራሙ ከተስተካከለ በኋላ የድሮውን 4.6 በ1.3 አንድ ጊዜ ልሞክረው አልኩ። ምናልባት ጥፋቱ የራሙ ብቻ ከሆነ ብዬ። ፕራይም 95ን ትንንሽ ኤፍኤፍቲ የሚለው ላይ አስነሣሁት። ይህ ፈተና ከባድ ነው። ሙቀቱ በሁለት ደቂቃ 93 ገባ። በስድስተኛው ደቂቃ ላይ ጋሼ የነገሩኝ ያ መልእክት መጣ። ራውንዲንግ 0.5። ኮምፒውተሩ አልጠፋም። ማውሱ ይንቀሳቀሳል፣ ሙዚቃው ይዘፍናል። አንዱ ኮር ግን ተሳስቶ ቆሟል። ለካ ለሁለት ሳምንት የኖርኩት እንዲህ ሆኖ ነው። ሁለት ጥፋት ነበረብኝ፣ አንዱ ሌላውን ሸፍኖት።

እሱን ተውኩ። ከርቭ ኦፕቲማይዘር ገባሁ። ለሁሉም ኮር ከዜሮ በታች 20 ሰጠሁ። ኮር ሳይክለር የሚባለውን ስክሪፕት አወረድኩ። ኮሮቹን ተራ በተራ ለብቻቸው በፕራይም 95 ይፈትናቸዋል። ይህ ለምን እንደሚያስፈልግ መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። ሁሉም አብረው ሲሠሩ ኃይሉ ስለሚከፋፈል ፍጥነታቸው ይወርዳል። አንዱ ብቻውን ሲሠራ ነው እስከ 4.6 ድረስ የሚወጣው፤ የቀነስነው ቮልቴጅ የሚያጥረውም እዚያ ነው። ኮር 2 በ11 ደቂቃ ወደቀ። ኮር 4 ሦስት ሰዓት ገደማ ከቆየ በኋላ ወደቀ። ኮር 2ን ከዜሮ በታች ወደ 5፣ ኮር 4ን ከዜሮ በታች ወደ 10 መለስኳቸው። ሌሎቹ አራቱ 20 ላይ ቀሩ። ከዚያ ሥራ ውዬ እስክመለስ አስኬድኩት፣ ስህተት የለም።

ኮምፒውተሩ የገጠመው ሁሉ የሚመዘገብበትን የዊንዶውስ ኢቨንት ቪውወርንም ከፈትኩ። ዊያ ሎገር የሚል ስም ያለው መዝገብ ፈልጉ። ቁጥር 19 ከሆነ ኮምፒውተሩ ስህተቱን ራሱ አርሞታል ማለት ነው። 18 ከሆነ ሳይታረም የቀረ፣ ገዳይ ስህተት ነው። የእኔ ላይ ድሮ 3600 እያለ ሰባት ጊዜ 19 ተመዝግቧል። እኔ ደስ ብሎኝ ጌም ስጫወት እሱ እየነገረኝ ነበር። አሁን ባዶ ነው።

ከ21 እስከ 26 ሌሊት ስድስት ሌሊት ሠራ። 84 ሥራ ላከ። 79ኙ ጸድቀዋል። 5ቱ አጋሮቻቸውን እየጠበቁ ነው። ኢንቫሊድ የለም፣ የተቋረጠ የለም።

አሁን ቁጥሩን አስተያዩልኝ። ድሮ በሌሊት 15 ሥራ ገደማ እልክ ነበር። የተበላሹት 22 ሲቀነሱ 190 ይቀራል፣ ለ14 ሌሊት ሲካፈል 13.6 ነው። አሁን በሌሊት 14 እልካለሁ። ቀርፋፋ የመሰለው ሴቲንግ ብዙ ትክክለኛ መልስ ሰጠ። ከጎረቤቴ የተዋስኩትን የዋት መለኪያ ሶኬቱ ላይ ሰክቼ ነበር። ያኔ ከግድግዳው 176 ዋት ይስብ ነበር፣ አሁን 121። ሙቀቱ ከ84 ወደ 66 ወረደ። ፋኑ ስለማይጮህ እናቴ ሳሎን ውስጥ እንዲሠራ ፈቀደችልኝ።

መብራት ሲሄድ ዩፒኤሱ አሁን ረዘም ይላል። በ176 ዋት ጊዜ 9 ደቂቃ ነበር የሚይዘው። አሁን 15 ደቂቃ ያዘ። ቦይንክ (አንስታይን አት ሆምን የሚያስኬደው ፕሮግራም) ሥራውን በየ60 ሴኮንዱ እንዲያስቀምጥ ስለተደረገ ቢጠፋም ብዙ አይባክንም። ዩፒኤሱ 5 ደቂቃ ሲቀረው ኮምፒውተሩ ራሱ በሥርዓት እንዲዘጋም አድርጌያለሁ።

ፒያሳ_ጥገና
ጥቅምት 27

ጎበዝ! ሁለት ሁለቱን ለይተህ መፈተንህ የባለሙያ ሥራ ነው። ደንበኞቼ እንዲህ ቢያደርጉ ግማሹ ዕቃ ባልተጣለ ነበር።

አንድ ነገር። ፓወር ሰፕላዩን ሳትፈትሽ እንዳትቀር። ኬዙን ስትገዛ አብሮ የመጣ ነው ወይስ ለብቻው የተገዛ? አብሮ ከመጣ፣ በተለይ መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚዘልል ከሆነ፣ ያለ ስታቢላይዘር አትተወው።

አያት_አራተኛ_ፎቅ
ጥቅምት 27

ለብቻው ነው የገዛሁት፣ 550 ዋት። ስታቢላይዘሩ አለ፣ ከዩፒኤሱ በፊት ነው የተሰካው። ልክ ነው?

ፒያሳ_ጥገና
ጥቅምት 27

ልክ ነው። ከመብራቱ ወደ ስታቢላይዘር፣ ከዚያ ወደ ዩፒኤስ፣ ከዚያ ወደ ኮምፒውተር።

ሜሪላንድ_ከ99_ጀምሮ
ጥቅምት 28

ልጄ፣ ደብተሩን ስለያዝክ ደስ ብሎኛል። ሴቲ አት ሆም እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 ሥራ ማከፋፈል ሲያቆም የእኔን ደብተር ዘግቼ ያዘንኩ ጊዜ ነበር። ከዚያ ወደ አንስታይን አት ሆም መጣሁ። ምናልባት አንድ ቀን አጋሬ ትሆን ይሆናል።

አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። አሁን ጥቅምት ነው፣ ሌሊቱ ብርድ ነው። ያለፍከው ፈተና በ14 እና በ15 ዲግሪ ክፍል ውስጥ ነው። የካቲትና መጋቢት ሲመጣ ክፍልህ በ10 ዲግሪ ቢሞቅ ፕሮሰሰሩም በዚያው ልክ ይሞቃል። ያኔ ኮር 2 እና ኮር 4ን ደግመህ ፈትናቸው። መጀመሪያ የሚደክሙት እነሱ ናቸው።

አያት_አራተኛ_ፎቅ
ጥቅምት 28

እሺ ጋሼ። የካቲት 1 ላይ ብዬ ደብተሩ ላይ ጽፌዋለሁ። ኮር ሳይክለሩን ሌሊት ሳይሆን ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ ሳሎኑን በምትመታበት ሰዓት አስኬደዋለሁ። የሚወጣውን እዚሁ እጽፋለሁ።